የጥር ዋጋና የአገር ዕድገት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጋዜጣችሁ የኢኮኖሚ ዐምድ የወጣውን፣ ግብርና በአገራችን ጠቅላላ ምርት ውስጥ ያለው ድርሻ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መምጣቱን እንደ ብሥራት የሚቆጥረውንና መንግሥትም ሆነ ባለሀብቱ ከእንግዲህ ፊቱን ወደ ፋብሪካና ወደ አገልግሎት ዘርፍ እንዲያዞር የሚመክረውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። በጸሐፊው አኃዝ ላይ ክርክር የለኝም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከግማሽ በላይ የነበረው የግብርና ድርሻ ዛሬ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዷል፤ ይህም ባደጉት አገሮች ሁሉ የታየ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ገቢው ሲጨምር ለልብስ፣ ለቤት፣ ለትምህርትና ለመጓጓዣ የሚያወጣው ይጨምራል እንጂ የሚበላው እንጀራ በዚያው ልክ አይበዛም። ያልተዋጠልኝ ከአኃዙ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ነው።

ነዋሪነቴ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ ነው። በምንጃር፣ በመንዝና በዚሁ በጅሩ ለሃያ ሰባት ዓመት በልማት ሠራተኝነት፣ በኋላም በግብርና ባለሙያነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የአባታችንን መሬት እናርሳለን። ስለዚህ የምጽፈውን ግማሹን ከሙያዬ፣ ግማሹን ከማሳው የተማርሁት አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ጽሑፉ ያላነሣው ሌላ አኃዝ አለ። ከአገሪቱ የሥራ ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ዛሬም የሚተዳደረው በግብርና ነው። ሁለት እጅ ሕዝብ አንዱን እጅ ምርት፣ አንድ እጅ ሕዝብ ደግሞ ሁለቱን እጅ ምርት ያመርታል ማለት ነው፤ ሒሳቡን ያሰላ ሰው አንድ ገበሬ የሚያስገኘው ገቢ ከግብርና ውጪ ያለ ሰው ከሚያስገኘው አንድ አራተኛ ገደማ ብቻ መሆኑን ይደርስበታል። የምርቱ ድርሻ የወረደው ሰዉ ወደ ተሻለ ሥራ ስለ ተሸጋገረ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን በወረዱ ነበር። የምርቱ ድርሻ ግን ቀድሞ ወርዶ፣ ሰዉ ከኋላው ቀርቷል፤ የቀረውም አባት ለልጆቹ ሲያካፍል እያነሰ በሄደና በብዙ ቤት አንድ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ ነው። ይህን ብሥራት ለማለት ይከብደኛል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ብሩስ ጆንስተንና ጆን ሜለር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን ግብርና በማደግ ላይ ላለ አገር የሚያበረክታቸውን ነገሮች አምስት አድርገው አስቀምጠው ነበር፤ ለከተማው ምግብ፣ ለውጭ ገበያ ሸቀጥ፣ ለፋብሪካው ሠራተኛ፣ ለልማቱ ጥሪት፣ በመጨረሻም ለኢንዱስትሪው ምርት ገዢ። የመጀመሪያዎቹን አራቱን የማይጠቅስ ባለሥልጣን የለም፤ ቡናችንና ሰሊጣችን የሚያመጡት የውጭ ምንዛሪ በየስብሰባው ይወደሳል። አምስተኛው ግን ሲነሣ አልሰማም። ከአምስቱ አራቱ ከገበሬው የሚወሰድ ነገር ናቸው፤ ገበሬው ራሱ ኪሱ ገንዘብ የያዘ ገዢ ሆኖ የሚታየው በአምስተኛው ብቻ ነው።

በወረዳችን ዋና ከተማ በእነዋሪ ጥር ሲገባ የሚሆነውን ያየ ሰው ስለዚህ አምስተኛ ነገር ማብራሪያ አይሻም። አውድማው ተጠርጎ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቁ ደጃፍ በአህያ ይሞላል፤ ልብስ ሰፊው እስከ ምሽት ድረስ ከመኪናው አይነሣም፤ ሠርጉ ስለሚበዛ ድንኳን አከራዩም፣ አናጺውም፣ ባለ ባጃጁም፣ ጠላ ጠማቂዋም በእኩል ይጠመዳሉ። ያ ቆርቆሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ያ አቡጀዲ በፋብሪካ የተሸመነ ነው። አዝመራው በበረዶ ወይም በዋግ የተመታበት ዓመት ሲሆን ደግሞ ያው ቆርቆሮ አቧራ ለብሶ እስከ ክረምት ይደርሳል፣ ባለሱቁም ከአዲስ አበባ አዲስ ዕቃ አያዝዝም። ጸሐፊው ትኩረት እንዲሰጠው የሚማጸኑለት ፋብሪካ የሚሸጥለት ሰው ያለው እዚህ ነው፤ ዕቃው በዓለም ገበያ ከቻይና ዕቃ ጋር እስኪወዳደር ድረስ ያለው ገዢ የአገሩ ገበሬ ነው።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይህ ነው፤ ግብርና ዕድገትን የሚገፋው ባመረተው ኩንታል ብዛት ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ በገበሬው እጅ በሚቀረው ገንዘብ ነው። ኩንታሉ በዝቶ ገንዘቡ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይናችን አይተናል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት እጅግ አማረ፤ ዘር፣ ማዳበሪያና ምክር ሰጥተን «አምርት» ያልነው ገበሬ አመረተ። ገበያው ግን ይህን ሁሉ የሚያነሣበት መጋዘንም፣ መንገድም፣ ብድርም ስላልነበረው ዋጋው ወደቀ፤ በአንዳንድ አካባቢ የቀድሞውን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሆነ፤ በቆሎውን ማሳው ላይ ትቶት የሄደም ነበር። በማግሥቱ ገበሬው ማዳበሪያ መግዛት ቀነሰ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትም በሬውን ሸጦ ከፈለ። ያን ጊዜ ድርቁ መጣና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። በቆሎ የተትረፈረፈበት ዓመትና ሚሊዮኖች የተራቡበት ዓመት በአንድ ክረምት ብቻ የተለያዩ መሆናቸውን ያሰበ ሰው ነገሩን ሁሉ ለዝናብ አይተወውም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ከዚህ ትምህርት የተወለደ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በየመድረኩ ይህንኑ የበቆሎ ታሪክ ያነሡ ነበር። ምርት ገበያው ለቡናና ለሰሊጥ የሠራውን ያህል ለጤፍና ለስንዴ አልሠራም፤ ለእኛ ዞን በቀጥታ የደረሰው በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ በሚመረተው ማሾ በኩል ነው። ቢሆንም የማሾ ገበሬው ዋጋ በስልኩ ጠይቆ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

«ገበሬው ምርቱን መጀመሪያ ያሳድግ፤ ከዚያ ስለ ዋጋ እናወራለን» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ እኔም በሥራ ላይ ሳለሁ ያልሁት ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የጅሩ አፈር ነው። ሜዳችን ኮትቻ ነው፤ አንዳንዱ ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ ይቋጥርና ሰብሉን ከሥሩ ያንቀዋል። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ አብዛኛው ገበሬ የሚያደርገው ዋናው ዝናብ እስኪያልፍ መሬቱን ባዶውን አሳድሮ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀረው እርጥበት ሽንብራ፣ ጓያ ወይም ምስር መዝራት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከዘነበው ዝናብ የሚጠቀመው በጅራቱ ነው ማለት ይቻላል።

የእነዋሪ ሰው ግን ማንም ባለሙያ ሳይመክረው ይህን ነገር ፈትቶታል። መሬቱ ደጋግሞ ከታረሰና ዘሩ ከተዘራ በኋላ መላው ቤተሰብ ማሳው ላይ ወርዶ አፈሩን በእጁ ዝቆ እያነሣ ሰፊ መደብና በየመሐሉ ቦይ ያወጣል፤ ውኃው በቦዩ ሲወርድ ስንዴው ወይም ባቄላው መደቡ ላይ ደረቅ ሆኖ ይቆማል። እናቴ በሐምሌ ዝናብ ጆንያ ደርባ፣ ጉልበቷ እስኪነክሳት በርከክ ብላ ቦይ ስታወጣ ከጎኗ ሆኜ ያደግሁ ነኝ፤ ጣቴ ጥፍር ሥር የነበረው ጥቁር አፈር ትምህርት ቤት እስኪከፈት አይለቅም ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ የምርምርና የትምህርት ተቋማት ጋር ሆኖ በኮትቻ አፈር ላይ ጥናት ሲጀምር እነዋሪ ከተመረጡት ሥፍራዎች አንዷ ነበረች፤ ተመራማሪዎቹም የእናቶቻችንን መደብ ለክተው፣ በጥንድ በሬ የሚጎተትና ሁለት ማረሻ አጣምሮ ያንኑ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። መሣሪያው ከእኛ ተነሥቶ ሌላ አካባቢ ሲደርስ እኛ ዘንድ ግን ከባድ ነው፣ በሬ ይጎዳል እየተባለ በብዙ ቤት ጥግ ይዞ ቀረ፤ ዛሬም አብዛኛው ሥራ በእጅ ነው። ባለሙያ ሆኜ መሣሪያውን ካከፋፈሉት አንዱ ነበርሁና ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ገበሬውን አሠለጠንነው እንጂ ስለ ክብደቱ የነገረንን ወስደን ለሠሪዎቹ አልመለስንም።

በዚህ ሁሉ ጉልበት የሚገኘው ምርት ግልጽ ነው፤ ውኃው የተነሣለት ማሳ በወቅቱ ይዘራል፣ ማዳበሪያውም ሰብሉ ጋ ይደርሳል እንጂ በውኃ ተበልቶ አይቀርም፣ የጅሩ ስንዴም በሸዋ ገበያ ስም አውጥቷል። ነገር ግን አንዱ ማሳ የለቀቀው ውኃ በታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ይተኛል፤ ጠቡም በየዓመቱ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገበሬ በግሉ ሊሠራው የማይችለው፣ ከማሳ ማሳ ተያይዞ እስከ ወንዝ የሚወርድ ዋና ማፋሰሻ ቦይ ነው። ኩታ ገጠም እርሻ ሲባል ዘሩን አንድ ዓይነት ማድረግ ብቻ ሳይሆን ይህን ቦይ አብሮ ማውጣት ማለት ቢሆን ምንኛ በጠቀመን። ታዲያ ገበሬው ይህን ያህል ደክሞ ምርቱን ከፍ ካደረገ በኋላ ትርፉ የት ይሄዳል? «ዋጋውን በኋላ» ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ጥያቄ ነው።

ወንድሜን በምሳሌነት ላቅርብ፤ ፈቅዶልኛል። በጥር አሥር ኩንታል ስንዴ ሸጠ። ለምን በጥር ትሸጣለህ ቢሉት ምክንያቱን ይቆጥራል፤ የመሬት ግብር የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው፣ የቁጠባና ብድሩ መክፈያ ቀን ያን ጊዜ ነው፣ የልጁ ሠርግ ያን ጊዜ ነው፣ ለቀጣዩ ክረምት የማዳበሪያ ገንዘብም ከወዲሁ መሰብሰብ አለበት። አገሩ ሁሉ በዚያው ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው የዓመቱ ዝቅተኛ ነው። በነሐሴ ለቤቱ የሚሆን ሁለት ኩንታል ስንዴ ከዚያው ገበያ መልሶ ገዛ። የሸጠበትንና የገዛበትን ዋጋ ልዩነት በአሥሩ ኩንታል አባዝተን ስናየው የማዳበሪያ ወጪውን አብዛኛውን ይሸፍን ነበር። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ ነጋዴው ዘንድ ነው። ነጋዴው ሌባ አይደለም፤ መጋዘን አለው፣ ነቀዝ መከላከያ አለው፣ ከሁሉም በላይ እስከ ነሐሴ የሚያቆየው ገንዘብ አለው። ወንድሜ የሌለው እነዚህ ሦስቱ ናቸው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ከመጣ ወዲህ ነቀዙ እንኳ መላ አግኝቷል፤ የቀረው ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ ነው።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ስለ መጋዘን ደረሰኝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ገበሬ እህሉን በታወቀ መጋዘን አስቀምጦ በተሰጠው ደረሰኝ ብድር እንዲወስድ መንገድ ከከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትንና ሰብልን በመያዣነት ይቀበላል። እነዚህን ሁለት አዋጆች በፌስታል ይዤ በአቅራቢያችን ወዳለ አንድ ባንክ ከወንድሜ ጋር ሄድን። የብድር ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነው፤ አዋጁን ተቀብሎ አገላበጠ፣ ጥሩ እንደሆነ ተናገረ፣ ከዚያም ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት እንዳለን ጠየቀን። በረት ውስጥ የቆሙት ሁለት ሰንጋዎች ዋጋ እኮ በከተማው ጠርዝ ካለች አንዲት ክፍል ቤት አያንስም ብዬ ስመልስለት «ቢሞቱስ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ የእንስሳት መድን ነው፣ እርሱም እኛ አካባቢ የለም። ወደ ቤታችን ተመለስን፤ ስንዴውም በጥር ተሸጠ።

ሰንጋን ካነሣሁ አይቀር፣ የከተማ አንባቢ «የጅሩ ሰንጋ» ሲባል በበዓል ዋዜማ የሚያየው ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ለእኔ በዚህ ዞን ካሉት ፋብሪካዎች ሁሉ ቀድሞ የተቋቋመው ይህ ነው። ገበሬው በሬውን ገዝቶ ያርስበታል፤ እርሻው ሲያበቃ ከሞፈር ቀንበሩ አውጥቶ ጭዱን፣ የስንዴ ገለባውን፣ የጓያ ክኩን፣ አቅም ያለውም ከከተማ የገዛውን ፋጉሎና ፉርሽካ እየመገበ ያደልበዋል። ለገበያ የማይወጣው ገለባና ለሰው ሲበዛ እግር የሚሰብረው ጓያ በበሬው ሆድ አልፈው ለፋሲካ ገንዘብ ሆነው ይወጣሉ። ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያ የመጣ ነው፤ የዘይት መጭመቂያው ኑጉን የገዛው ከገበሬ ነው። እበቱም ወደ ማሳ ሲመለስ ዙሩ ይሞላል። አንድም ሰው ሥልጠና ሳይሰጠው እንዲህ ያለ ትስስር የዘረጋ ሕዝብ «ኋላ ቀር» ሲባል መስማት አልወድም። ይህን ሥራ የሚያደናቅፈው አሁንም ያው ነገር ነው፤ ሁለት በሬ የሚያደልብ ሰው አራት ለማድለብ የሚያስፈልገውን የስድስት ወር ገንዘብ የሚያበድረው የለም።

በደጋው በኩል ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መንዝ የገብስና የበግ አገር ነው፤ በበልግ ዝናብ የሚተማመኑት የአንኮበር፣ የጣርማበርና የግሼ ቀበሌዎች በልጉ ሲቀር ሁለት እጃቸውን ያጣሉ፤ ውርጩም አለ። የመንዝ በግ ትንሽ ናት ግን ብርዱንና ድርቁን ትችላለች፤ ከውጭ ከመጣው የአዋሲ ዝርያ ጋር ለማዳቀል ለብዙ ዓመት ከተደከመ በኋላ የራሷን ዝርያ ከገበሬው ጋር ሆኖ እየመረጡ ማሻሻል የተሻለ መሆኑ ታውቆ፣ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ይኸው እየተሠራ ነው። ገብሱን በተመለከተ ደግሞ በደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የብቅል ፋብሪካ መቋቋማቸው ለአንጎለላና ጠራ፣ ለባሶና ወራና ገበሬ ቀድሞ ያልነበረውን አንድ ነገር አምጥቷል፤ ከመዝራቱ በፊት ማን እንደሚገዛው ማወቅ። ጸሐፊው ግብርናንና ኢንዱስትሪን እንደ ሁለት ተፎካካሪዎች ማቅረባቸው እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚታየኝ። ፋብሪካው የቆመው ገብሱ ባለበት ነው፤ ገብሱም ዋጋ ያገኘው ፋብሪካው ስለ ቆመ ነው። የውል እርሻው ችግር የለበትም ማለቴ ግን አይደለም፤ ገበያው ከውሉ ዋጋ ሲበልጥ ገበሬው ይሸሻል፣ ሲያንስ ደግሞ ገዢው «ጥራቱ አልሞላም» ማለት ይጀምራል፣ ሁለቱን የሚዳኝ ፈጣን አካልም የለም።

ስለ ማዳበሪያ ጥቂት ልበል፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አላረዝመውም። የምንጠቀምበት በሙሉ ከውጭ የሚገባ ነው። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋው ሲሰቀል፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ሁለቱም ጊዜ ጭማሪው የደረሰው የጥር ዋጋ በሚሸጠው ገበሬ ላይ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ስምምነት መፈረሙ ያስደስታል። እስከዚያው ግን ደብረ ብርሃን ዙሪያ በየቤቱ አጥር ላይ የተለጠፈው ኩበት ሁሉ ማሳ ላይ ሊወድቅ የሚገባው ማዳበሪያ መሆኑን ማን ያነሣል? ሴቶቹ እበቱን የሚያነድዱትና የሚሸጡት ማገዶ ስለሌለ ነው። በዚህ በኩል ለገጠር ቤት የሚገባ ኤሌክትሪክ ምጣድ የግብርና መሣሪያ ነው ብል አንባቢ አይሣቅብኝ።

ታሪካችንም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኛው ከባለመሬቱ ነፃ ወጣ፤ አባቴ ያን ቀን እስኪሞት ድረስ እንደ ዓመት በዓል ያነሣው ነበር። ጥቂት ሳይቆይ ግን ገበሬው ለመንግሥት በግድ የሚሸጠው የእህል ኮታ መጣ፤ የተመደበበትን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በተቆረጠለት ርካሽ ዋጋ ሲያስረክብ አይቻለሁ። መሬቱን አግኝቶ ዋጋውን አጣ። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ቬትናሞች እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩትን ማሻሻያ ቀጥለው በ1988 መሬቱን ለየቤተሰቡ ሲያከፋፍሉና ገበሬው የራሱን ምርት እንዲሸጥ ሲፈቅዱ፣ ሩዝ ከውጭ ያስገቡ የነበሩት ሰዎች በ1989 ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ወደ ውጭ ላኩ። ፋብሪካው በብዛት የመጣላቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ የሚሸጡልንን ስልክና ጫማ ሁሉም ያውቀዋል፣ በቡናም ቀድመውናል።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ሁሉም የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ አይኖርም፣ መኖርም የለበትም፤ የወንድሜ ሦስት ወንዶች ልጆች ያችን መሬት ቢካፈሏት ለማናቸውም አትበቃም። መካከለኛው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ልጁ ከቤት ሲወጣ የተሰጠው የቤት ኪራይ መያዣና የሦስት ወር ስንቅ ከየት መጣ ቢባል ከአንድ ሰንጋ ሽያጭ ነው። ያ ሰንጋ ባይኖር ልጁ የሚሄደው ወደ ፋብሪካ ሳይሆን ወደ ቀን ሥራ ነበር። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በክልላችን የጸናው የፀጥታ ችግር ማዳበሪያው በወቅቱ እንዳይደርስ፣ የጭነት መኪናውም እንዳይወጣ ማድረጉን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የእነዋሪ ዋጋ ከአዲስ አበባ ዋጋ የበለጠ ይርቃል።

ዋና አዘጋጅ ሆይ፣ በመጨረሻ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዶላርን ምንዛሪ በየዕለቱ፣ የቡናን የዓለም ዋጋ በየሳምንቱ ታትሙልናላችሁ። ከጎኑ አንዲት ጠባብ ሠንጠረዥ ጨምሩልን፤ የስንዴ፣ የጤፍ፣ የባቄላና የገብስ ዋጋ በእነዋሪ፣ በአረርቲ፣ በመሐል ሜዳና በሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ እህል በረንዳ ዋጋ ጋር ጎን ለጎን። በጥር የወጣውን ሠንጠረዥ ነሐሴ ላይ መልሳችሁ አትሙት። የእነዋሪውን ዋጋ በየገበያው ቀን ጠይቄ በስልክ ለመንገር እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጡረተኛ ነኝና ጊዜ አላጣም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ
ከእነዋሪ፣ ሰሜን ሸዋ